ከስልኩ በላይ በእርሳስ የተጻፈው ቁጥር

ሽታ የድሮ ነገር ያስታውሰናል የሚሉ ሰዎችን «አፍንጫችሁ ሥራ ፈቷል ማለት ነው» እያልኩ እስቅባቸው ነበር። የሳቅሁበት ደረሰብኝ። ያ በሽታ የገባ ሰሞን፣ ሳኒታይዘር ከየሱቁ ጠፍቶ ሰው በዘመድ በወዳጅ ሲፈላለግ፣ የምሠራበት ኤጀንሲ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ስም የሌለው ጠርሙስ ለእያንዳንዳችን አደለን። አረቄ ፋብሪካ ነው የሠራው ተባለ። የእኔ ሥራ በየቤቱ እየዞሩ አቅመ ደካማ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ኪኒን ማስታወስ ነው፤ ኬርጊቨር ይሉናል። አንድ ቀን ጠዋት እዚህ ኦሃዮ፣ ዋይትሆል፣ የማስታምማት አሮጊት አፓርትመንት በር ላይ ቆሜ፣ ጓንቴን ከማጥለቄ በፊት ያንን ፈሳሽ መዳፌ ላይ አፈሰስኩት። የሮማ አሠሪዬ የሲኞራ ፒና ጉልበት ሸተተኝ። ከሠላሳ አምስት ዓመት በኋላ! እንባዬ በማስኬ ውስጥ ወርዶ አፌ ገባ። አሮጊቷ ከውስጥ «ሃኒ፣ አር ዩ ካሚንግ ኢን?» ትላለች፤ እኔ እዚያው በሩ ላይ ተገትሬያለሁ።

ሽታው ብቻ ቢሆን በተረሳ። ዘንድሮ ደግሞ ፓስተራችን ኮል አደረገልኝ። የቤተ ክርስቲያናችንን የምሥረታ በዓል በዙም ልናከብር ነው፤ ብሌንደን ታውንሺፕ የምንከራየው አዳራሽ ገና አልተከፈተልንም። «እትዬ ማርታ፣ ያቺን የሮማ ምስክርነትዎን በስልክዎ ሪኮርድ አድርገው ይላኩልን፤ ለጋሼ ታዬም መታሰቢያ ትሆናለች» አለኝ። ታዬ ባሌ ነው። በዚያው በሽታ ከሞተ አምስት ወሩ ነበር። እሺ አልኩ፤ ስልኩን ዘጋሁ፤ ሶፋው ላይ ተቀምጬ ምሳ ሰዓት አለፈኝ። በእኛ ዘንድ ምስክርነት ማለት ጌታ ያደረገልህን ነገር በጉባኤ ቆመህ መናገር ነው፤ ሕዝቡ «ክብር ለጌታ» ይልልሃል፤ ጥሩ ምስክርነት ከባለቤቷ ጋር ታረጃለች። የእኔዋ ዳላስም ተነግራለች፣ ቶሮንቶም ተነግራለች። በአጭሩ እንዲህ ናት፦ ሮማ ውስጥ የምሠራላቸው ካቶሊክ አሮጊት በመጨረሻዋ ሰዓታቸው፣ በእኔ በምስኪኗ ሠራተኛ ደካማ ጣልያንኛ፣ ጌታን ተቀበሉ፤ እጄን ጨብጠው በሰላም ሄዱ፤ ሃሌ ሉያ። ይህች ምስክርነት ውሸት ናት። ይኸው፣ በስድሳ አምስት ዓመቴ ጻፍኩት። ሰማይም አልተደፋም።

በዚያን ዘመን ከአገር የወጣ ሁሉ ወይ ሱዳን ነው ወይ ሮማ። ሮማ የደረሰ እንደሆነ ወንዱ ባቡር ጣቢያው አካባቢ ሥራ ፈትቶ ይንከራተታል፣ ሴቷ ሰው ቤት ትገባለች። እኔም ነጭ ኮሌታ ያለው ግራጫ ሽርጥ አጥልቄ ሲኞራ ፒና ቤት ገባሁ። ባላቸው ሞቷል፤ አንድ ልጃቸው ቶሪኖ ነው የሚኖረው፣ በዓመት አንዴ ነሐሴ ላይ ብቅ ይላል። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነው። ሊፍቱ ሳንቲም ካልጎረሰ አይነቃነቅም፤ እኔ ደግሞ ያቺን አሥር ሊሬ እየሰሰትኩ ድንቹንና ወይኑን ተሸክሜ ደረጃውን እወጣዋለሁ። ቤቱ የወለል ሰም፣ የተቀቀለ ባሮ ሽንኩርትና የልብስ ብል ኪኒን ይሸታል። ከእራት በፊት የሲኞራን ጉልበት በአልኮል አሻለሁ። አልኮሉ ሮዝ ነው፤ ሰው እንዳይጠጣው ሆን ብለው ቀለም ይጨምሩበታል። መስኮትም ይወለወልበታል፣ ቁስልም ይታጠብበታል፣ የሲኞራ ፒናም ጉልበት ይታሽበታል። «ፒያኖ፣ ማርታ፣ ፒያኖ» ይሉኛል፣ ቀስ በይ ሲሉኝ። እኔ ደግሞ እጄ ከባድ ነው፤ ፀጉሬን ስትሠራኝ እጇ ከሚከብደው ከእናቴ የወረስኩት ነው፤ ቀስ ማለት አላውቅበትም።

ዕረፍታችን ሐሙስ ከሰዓትና እሁድ ነበር። አይ ሐሙስ! ሳምንቱን ሙሉ ሽርጥ ለብሳ አንገቷን የደፋች ሁሉ፣ ሐሙስ ጣቢያው አደባባይ ላይ ትከሻው የተሞላ ጃኬት፣ የተሸነሸነ ጉርድ፣ ባለ ዘለበት ጫማ ለብሳ ትቆማለች። ቦርሳችን በስልክ ጄቶኔ ተሞልቶ ይንሿሿል። ጄቶኔ ማለት መሐሉ ጭረት ያለበት ነሐስ ነው፤ አዲስ አበባ ለመደወል እፍኝ ሙሉ ይዘሽ ትሰለፊያለሽ፣ «እማዬ ደህና ናት?» ብለሽ ሳትጨርሺ እፍኙ ያልቃል። ርካሹ የልብስ ገበያ እሁድ ነበር የሚቆመው፤ እኛ ጴንጤዎቹ ጉባኤ ስላለን አንደርስበትም። በዚህ ምክንያት የጴንጤ ሴቶች አለባበስ ከሌሎቹ ያንስ ነበር፤ «እናንተማ ለሰማይ ነው የምትለብሱት» እያሉ ያበሽቁናል። ከባሩ ውስጥ የዚያን ዓመት የፍቅር ዘፈን ይንቆረቆራል፤ ዘፈን ኃጢአት ነው ብለን ጆሯችንን ሌላ ቦታ እናደርጋለን፣ ግን ግጥሙን ሁላችንም በቃላችን እናውቀው ነበር። እስከ ዛሬም ሳህን ሳጥብ ያመልጠኛል።

«ኖን ካፒስኮ»ን የተማርኩት እዚያ አደባባይ ላይ ነው። «አልገባኝም» ማለት ነው። አንዲት አሥመራ ያደገች ነባር ሠራተኛ ለአዲስ መጪ ሁሉ የምትሰጠው ትምህርት እሱ ነበር። «ስሚኝ እህቴ» አለችኝ፣ ክንዴን ይዛ፤ «ጣልያንኛው እየገባሽ በሄደ ቁጥር ኖን ካፒስኮን አጥብቀሽ ያዢ። መስኮት ወልውዪ ስትልሽ ይግባሽ። የእህቴንም መስኮት ወልውዪልኝ ስትልሽ ኖን ካፒስኮ። ሸሚዝ ተኩሺ ስትልሽ ይግባሽ። ሐሙስ እንግዳ አለብኝ፣ አትወጪም ስትልሽ ኖን ካፒስኮ በይና ቦርሳሽን አንስተሽ ውልቅ!» ሳቅን፣ ግን እውነቷን ነው። ጉልበት የሌለው ሰው ጋሻ ነበር። ጴንጤዋም ኦርቶዶክሷም እስላሟም እኩል እንጠቀምበታለን። በዓመቱ ጣልያንኛው ጥርት ብሎ ገባኝ። ሲኞራ ፒና ግን ግማሹን ብቻ የምሰማ ይመስላቸው ነበር፤ እኔም እንዲመስላቸው ተውኩ።

አሁን ስለ ሃይማኖቱ ልናገር፣ አለዚያ ያደረግሁት ነገር ከሜዳ የመጣ ይመስላል። እኛ አገራችንም ላይ ጥቂት ነበርን። ጴንጤ ስድብ ነበረ። አባቴ ሲሞት እድሩ ጴንጤ አንቀብርም ብሎ፣ ለቅሶተኛ የተቀመጠበትን ድንኳን ከላያችን ነቅሎ ሄደ። ቄሱ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ መልሰውን፣ አባቴን አራት ወንድ ብቻ ተሸክሞት ወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ሥር ቀበርነው። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። የቄሱ ፊት ከነጢማቸው ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ከዚያ አምልጬ ሮማ ስደርስ ደግሞ ያው ጥቂት ሆንኩ። አገሩ ሁሉ ካቶሊክ፣ በየማዕዘኑ ማርያም በመስታወት ውስጥ፣ በየሰዓቱ ደወል፤ የእኛዋ ጉባኤ በሯ ላይ ምልክት እንኳ የሌላት፣ ድሮ የከሰል መጋዘን የነበረች ምድር ቤት። ጣልያኖቹ ምእመናን ሃያ አይሞሉም። አንድ ከደቡብ የመጣ ጫማ ሰፊ ሽማግሌ ነበረ፤ እሱም ልጅ ሳለ አባቱ ሲሞት መንደሩ ውስጥ ያለ አናጢ በሙሉ ለፕሮቴስታንት ሳጥን አልሠራም እንዳለ፣ አባቱን በበር ሳንቃ ላይ አጋድመው እንደቀበሩት አጫወተኝ። ተቃቅፈን አለቀስን። የጉባኤው ሰዎች እየሳቁ ነበር፣ አንድ ነጭ ሽማግሌና አንዲት ሐበሻ ለአባቶቻቸው አብረው ሲያለቅሱ አይተው አያውቁም።

የጉባኤው መሪ አሜሪካዊ ሚሽነሪ ነበር፤ ሚስተር ዌንደል፣ የኦሃዮ ሰው። አሥራ አንድ ዓመት ሮማ ተቀምጦ ያገኘው ሰባት ነፍስ ነው፤ ከሰባቱም ሁለቱ ተመልሰው ሄደውበታል። አደባባይ ቆሞ ትራክት፣ የወንጌል በራሪ ወረቀት፣ ያድላል፤ ጣልያኖቹ ጨዋ ናቸው፣ «ግራሲዬ» ብለው ይቀበሉትና አሥር እርምጃ ሳይሄዱ ዓሣ ይጠቀልሉበታል። ቢሰድቡትና ቢደበድቡት ይሻለው ነበር። በየወሩ ኦሃዮ ላሉት ደጋፊዎቹ ደብዳቤ ይጽፋል፤ የሚጽፈው ግን የለውም፤ ወረቀቱ ፊት አገጩን ይዞ ተቀምጦ አይቼዋለሁ። አንድ እሁድ እኛን ሐበሾቹን ሰብስቦ «እኔ አሥራ አንድ ዓመት ያልገባሁበት ቤት ውስጥ እናንተ አልጋ እያነጠፋችሁ ነው። እያንዳንዳችሁ አንዳንድ ነፍስ!» አለን። እኔ አበድኩ። እህል ውኃ አላሰኝ አለኝ። የእኔ ነፍስ ሲኞራ ፒና ሆኑ።

ጉልበታቸውን እያሸሁ ስለ ኢየሱስ እነግራቸዋለሁ። «ብራቫ፣ ብራቫ! እኔ እኮ ሰባ ዓመት አውቀዋለሁ» ይሉኛል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ወንጌል ሰጠኋቸው፤ መነጽራቸውን አጥልቀው አነበቡት፤ «ቆንጆ ነው፣ ግን ማዶናን ምነው አሳነሷት?» አሉኝ፣ ማርያምን ማለታቸው ነው፤ ከዚያም ከት ብለው ሳቁ። አመሻሽ ላይ ሬድዮ ከፍተው መቁጠሪያቸውን ይዘው የማርያምን ጸሎት ይደግማሉ፤ እኔ ኩሽና ገብቼ እንዳልሰማ ቧንቧ እከፍታለሁ። ውኃው ሲፈስ፣ እሳቸው ሲጸልዩ፣ እኔ በንዴት ስጸልይ ሁለት ክረምት አለፈ። ጥሩ ሴት ነበሩ። ብርድ ሲበረታ የራሳቸውን የሱፍ ካልሲ አልጋዬ ላይ አስቀምጠውልኝ አውቃለሁ። ይህን በምስክርነቴ ውስጥ ተናግሬው አላውቅም።

በሁለተኛው ክረምት ሳምባቸው ተያዘ፣ ሞቱ። እንዴት እንደሞቱ እመጣበታለሁ። በማግስቱ እሁድ ጉባኤ ሄድኩና ሳለቅስ፣ ሚስተር ዌንደል «ሰላም ነበራት? እጅሽን ያዘችሽ?» አለኝ። አዎ፣ እጄን ይዘውኛል አልኩ። «ጌታን ተቀበለች?» አለኝ። ያኔ ፊቱን ማየት ነበረባችሁ። አሥራ አንድ ዓመት የጠማው ሰው ፊት። አዎ አልኩ። ይኸው ነው፤ አንዲት ቃል። ያን ወር ደብዳቤው ጢም ብሎ ሞላ። የደብዳቤው ሰዎች ከኮሎምበስ ወጣ ብላ ያለች የገጠር ቤተ ክርስቲያን ነበሩና «ይህችን እህት ስፖንሰር እናድርጋት» አሉ። እኔ ኦሃዮ የመጣሁት በዚያች ቃል ነው። በጥር ብርድ፣ የሲኞራ ፒናን ግመልማ ካፖርት ለብሼ (ልጃቸው ሰጥቶኝ ነው)፣ መድረኳ ላይ ቆሜ ስመሰክር ነጫጭ አሮጊቶች በመሐረብ እንባቸውን ጠረጉ፣ የታሸገ በቆሎና መጋረጃ አመጡልኝ። መጋረጃው ዋይትሆል የመጀመሪያ አፓርትመንታችን ድረስ አገልግሏል።

ታዬንም ያገኘሁት በዚያችው ምስክርነት ነው። ሮማ ቪዛ ሲጠብቅ፣ እሁድ ከጉባኤ በኋላ የሚታደለውን ፓስታ ፍለጋ ነበር ምድር ቤታችን የሚመጣው፤ ራሱ ነው እየሳቀ የሚናገረው። የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ጾሙን የማያፈርስ ኦርቶዶክስ። ስመሰክር ከኋላ ወንበር ሰማኝ፤ ተነሳ፤ መቀስ ለምኖ እናቱ ያሰሩለትን ማተብ ከአንገቱ ቆረጠና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ያቺ አሮጊት በሰባ ዓመቷ ከቻለች እኔ ምን አግዶኝ» አለ። እናቱ በደብዳቤ «ልጄን ቀብሬ ፀጉሬን ተላጭቻለሁ» አሉት፤ ፊቱን ዳግመኛ ሳያዩ ሞቱ። ታዬ ያችን ደብዳቤ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ አጥፎ አስቀምጧታል። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቻለሁ! ዌርሃውስ ሌሊት ሠርቶ ሲመጣ አሳዘነኝ። ቤቴል ተወለደች፣ ደስ ብሎታል፣ ደስታውን ላበላሽ? ፎረስት ፓርክ ቤት ገዛን፣ ኤርፖርት ታክሲ መንዳት ጀመረ፣ ተሳፋሪ ሁሉ ፊት «የባለቤቴን ታሪክ ልንገርህ» ይላል። ሰው በውሸት ላይ እንዲህ አምሮ ሲኖር አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ፤ ከአጠገቡ ተኝቻለሁ።

ጥር ላይ ታመመ። ከእኔ ይሁን ከታክሲው አይታወቅም። አምቡላንሱ በረዶ የሞላውን ድራይቭዌይ ወጥቶ ወሰደው፤ እኔን መግባት አይቻልም አሉኝ። ዘጠኝ ቀን ስልክ ላይ ተቀመጥኩ። በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ነርሷ ደወለች። በእንግሊዝኛ ቀስ እያለች ነው የምትናገረው። «እየደከመ ነው። ፓስተር ወይም ቄስ እንዲመጣለት ይፈልግ ይሆን? እኔ ካቶሊክ ነኝ፣ የእናንተን ሥርዓት አላውቀውም፤ ቁጥሩን ብቻ ስጪኝ፣ እኔ ደውዬ ስልኩን ጆሮው ላይ እይዝለታለሁ» አለችኝ። ስልኩን አጥብቄ ያዝኩት። «ማዳም? ገብቶሻል የምልሽ?» አለች። ቤቴል ስልኩን ከእጄ ነጥቃ የፓስተሩን ቁጥር ሰጠቻት። ያቺ የማላውቃት ልጅ፣ ስንት በሽተኛ እየጠበቃት፣ ፓስተሩ ጸልዮ እስኪጨርስ ስልኩን ይዛ ቆመች። ከዚያ እኔን አገናኘችኝ።

«ማርትዬ» አለኝ ታዬ። ትንፋሹ እየተቆራረጠ ነው። «ሲኞራ ፒናን እኔ ቀድሜሽ ላገኛት ነው። ምን ልበልልሽ?»

እንግዲህ ፍረዱ። ሠላሳ አምስት ዓመት ጊዜ አጣሁ ያልኩት እኔ፣ ጊዜው ይኸው። ሰላም በልልኝ አልኩት። «ሰላም በልልኝ፣ ታዬ።» እሺ አለ።

በኋላ ነርሷ ዕቃውን ስታስረክበን፣ አንድ ነገር ልጠይቅ አለች። «እስከ መጨረሻው ጣቶቹን አንገቱ ላይ እያዞረ የሚፈልገው ነገር ነበር። ሐብል ነበረው እንዴ? ጠፍቶበት እንዳይሆን ብዬ አልጋውን ሁሉ ፈተሽኩ» አለች። ቤቴል «ማም፣ ኢት ዋዝ ጀስት ዘ ኦክስጅን ቲዩብ» ትለኛለች፤ የኦክስጅኑን ቱቦ ነው የነካካው ማለቷ ነው። ይሆናል። ቀን ቀን እኔም እንደዚያ እላለሁ።

ፓስተሩ ሪኮርድ ያድርጉ ሲለኝ ያለሁት እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። ሦስት ቀን ሞከርኩ። ቤት ውስጥ አልሆን ሲለኝ መኪናዬ ውስጥ ገባሁ፣ መስኮቱን ዘጋሁ፣ ስልኩን መሪው ላይ አስደገፍኩ፣ ቀዩን ነጥብ ነካሁ። «ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን» ብዬ እንደወትሮው ጀመርኩ። ወትሮውን ግን አፌ እምቢ አለ። የሆነውን ተናገርኩ።

ሲኞራ ፒና ሊሞቱ ሲሉ ሐኪሙ መጥቶ አየና ልጃቸውን ቶሪኖ ድረስ ጠራው፤ ልጁ ባቡር ላይ ነው። ቀትር ላይ ነው፣ ፀሐይ አልጋው ላይ አርፋለች። ሲኞራ ዓይናቸውን ገለጡና «ማርታ፣ ዶን አልዶን ጥሪልኝ» አሉኝ። ዶን አልዶ የሰበካቸው ቄስ ናቸው፤ ሁለት መንገድ ተሻግሮ ነው ቤታቸው። ቁጥራቸውን ሲኞራ ራሳቸው፣ ያለ መነጽር እንዲታያቸው ትልልቅ አድርገው፣ ከስልኩ በላይ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ጽፈውታል። ግድግዳ ስወለውል እንዳላጠፋው የምጠነቀቅለት፣ በቃሌ የማውቀው ቁጥር ነው። አባቴን ከግቢ የመለሱት ቄስ መጡብኝ። የሚስተር ዌንደል ባዶ ደብዳቤ መጣብኝ። «ኖን ካፒስኮ፣ ሲኞራ» አልኩ። እንደ ሕፃን ልጅ ቀስ አድርገው ደገሙልኝ፤ «ዶን፣ አልዶ። ቴሌፎኖ።» ኖን ካፒስኮ። ጣታቸውን አንስተው ወደ ኮሪደሩ አመለከቱኝ። ኖን ካፒስኮ። ከዚያ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ቄስ ማለታቸው እንዲገባኝ በዚያ በደከመ እጅ አየሩ ላይ አማተቡልኝ። ጥፋቱ የቋንቋው መስሏቸው እኮ ነው! በመጨረሻ እጄን ያዙኝ። ጨበጡኝ እያልኩ ስመሰክርላችሁ የኖርኩት ያንን ነው፤ ወደ ስልኩ እየገፉኝ ነበር። እኔ ተንበርክኬ በአማርኛ ድምፄን ከፍ አድርጌ ጸለይኩባቸው፣ እጃቸው እስኪላላ ድረስ። ልጃቸው አመሻሽ ላይ ደርሶ «ዶን አልዶ መጥተው ነበር?» ሲለኝ እሱንም ኖን ካፒስኮ አልኩት። «ፖቬሪና» አለኝ፣ ምስኪን ማለት ነው፤ ትከሻዬን ነካ አድርጎ ያን ካፖርት ከቁም ሣጥኑ አወጣልኝ።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ላክሁት። ከመኪናው ወጣሁ፤ ስንት ዓመት እንደዚያ ቀልሎኝ አያውቅም።

ፓስተሩ በማግስቱ ደወለ። ጥሩ ልጅ ነው፣ ክፉ የለበትም፣ ታዬን ሰው በሌለበት ቀን የቀበረልን እሱ ነው። «እትዬ ማርታ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፤ «ሰማሁት። ይሄ ኃዘን ነው። ከሳሹ ሰይጣን፣ ሰው ሲደክም ነው የሚመጣው። ጌታ ይቅር ብሎዎታል፣ በእኔና በእርስዎ መካከል ይቅር። በዚያች ምስክርነት ስንት ሰው ቆሟል፤ ለሕዝቡ ማሰናከያ አንሁን። የድሮው ሪኮርድ አለን፣ እሱን እናሳያለን።» አይሆንም አልኩ። «ይረፉ፣ እትዬ ማርታ፤ ቤቴል ሾርባ ሠርታ ታብላዎት» ብሎ ጸለየልኝ፣ ዘጋ። መልሼ ደወልኩ፤ ቮይስሜይል ገባ።

እሁድ ደረሰ። ቤቴል ላፕቶፑን የመመገቢያው ጠረጴዛ ላይ ከፍታ አስቀመጠችኝ። ሳጥን በሳጥን የተደረደረ ሕዝብ፤ አንዱ ዳላስ፣ አንዱ ሲያትል። ተዘመረ፣ ተጸለየ። ከዚያ እኔን አሳዩኝ። ከአሥር ዓመት በፊት ብሌንደን ታውንሺፕ አዳራሽ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ፀጉሬ ጥቁር ነው፣ እጄን እያነሳሁ «በዚህ በደካማ ጣልያንኛዬ» እላለሁ። ያቺን ሴትዮ አምርሬ ጠላኋት። ካሜራው ወደ ፊተኛው ወንበር ዞረ፤ ታዬ ተቀምጧል፤ መቶኛ ጊዜ እየሰማት እንባው ይወርዳል። ኮሌታው ክፍት ነው። አንገቱ ባዶ ነው። «አሜን!» ሲል ድምፁ ቤቱን ሞላው፣ ቤቴል ከኩሽና አቅጣጫ ሳህን ስትጥል ሰማሁ። ከስር ቻቱ ይሮጣል፤ ክብር ለጌታ፣ ሃሌ ሉያ፣ እትዬ ማርታ ዘመንሽ ይባረክ፣ ሃሌ ሉያ።

«አቁሙ!» አልኩ። «ውሸት ነው! ወገኖቼ፣ አትስሟት!» ማንም ዞር አላለም። ተነስቼ በሁለት እጄ ላፕቶፑን ያዝኩት። «ቄስ ጥሪልኝ ብለውኝ ነበር! ጣልያንኛዬ ደካማ አልነበረም! ታዬ፣ ስማኝ፣ ገብቶኝ ነበር! ሁሉም ገብቶኝ ነበር!» ሰዎቹ በየሳጥናቸው እጃቸውን አንስተው ያጨበጭባሉ።

ቤቴል እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣችና በትከሻዬ በኩል ስክሪኑን አየች።

«ማም» አለችኝ ቀስ ብላ፤ «ዩ አር ኦን ሚዩት።»